ደህና ነኝ ባዩ በሽተኛ

እኛ ሰፈር ሰው «ደህና ነኝ» ሳይል አይሞትም። ይህን የምለው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። እኔ ሰው ማስቀየም ቀርቶ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ፌርማታ ያለፍኩ ልጅ ነኝ። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ «እንዴት ነህ?» ሲባል እውነቱን የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አባዬ አየር ጤና ጋራዦቹ አጠገብ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ያን ሰሞን «ዝም ብሎ ይደክመኛል» ማለት ጀመረ። ራሱን አያመው፣ አያስለው፣ አያተኩሰው። ምግብ ግን ተወ። አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን እንዳቀብለው ሲጠይቀኝ «አስካለ» ብሎ ጠራኝ። አስካለ እህቱ ናት፤ ከሞተች ቆይታለች። እማዬ ለለቅሶ አገር ቤት ሄዳ ስለነበር፣ ሐኪም ቤት የመውሰዱ ታላቅ ኃላፊነት በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የምትወስን ነርስ አለች። የባሰበት ቀይ ካርድ ይሰጠዋል፣ መለስ ያለው ቢጫ፣ መጠበቅ የሚችል አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ባጭሩ «ቁጭ በል» ማለት ነው።

ነርሷ «አባባ፣ እንዴት ነዎት? ምን ሆኑ?» አለችው። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና?» የት እንደሚያመው ስትጠይቀው ደግሞ «እዚህ ጋ የምልሽ የለም፤ ልጆቹ አስቸግረውኝ ነው የመጣሁት» አላት። ልጆቹ የተባልኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። ሙቀቱን ለካችው፤ ትኩሳት የለውም። አረንጓዴውን ካርድ እንደ ሽልማት በሁለት እጁ ተቀበለ።

አጠገባችን ጣቱን ቆርቆሮ የቆረጠው ጎረምሳ «ሞትኩ! የሰው ያለህ!» እያለ ጣሪያውን ያናጋል። አንዲት አስታማሚ ወደ አባዬ ዞር ብለው «እርስዎም እንደሱ ይጩኹ እንጂ፤ እዚህ ጨዋነት አያዋጣም» አሉት። አባዬ ጭራሽ ተነሥቶ ወንበሩን ለሴትዮዋ ለቀቀ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ቀረ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። እጁን ብይዘው በረዶ ነው።

ምን ላድርግ? ሄጄ አባቴን ውሸታም ልበል? እንደ ምንም ሄድኩ። ድምፄ ለራሴም አይሰማም። «ሲስተር፣ አባቴ… በሞተች እህቱ ስም እየጠራኝ ነው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሣች። ወደ እኔ እያመለከተች «አባባ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችው። አባዬ አየኝ፤ ፊቱ በራ።

«እህቴ አስካለ ናት» አለ። «እሷም ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ካርዱ ቀይ ሆነ። በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡት ጎረምሳው እንኳ ጩኸቱን አቆመ። በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ገብቷል አለኝ፤ እንዲህ ያለው አንዳንዴ ትኩሳት ሳያሳይ ሰውን ይጥላል፤ መትረፉን ዛሬ ላይ ሆኖ መናገር አይቻልም። «ለእናትሽ ደውይላት፤ ትምጣ» አለኝ።

ደወልኩ። ከጀርባዋ ሙሾ ይሰማል። ገና «ሄሎ» ሳልል «አባትሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«ደህና ነው እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። «እናንተስ? ለቅሶው ደህና?»