ዛሬ ማንም አልሞተም

በየከተማው ሐዘን የሚስማማው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው በምግብ ይወፍራል፤ እሱ በትካዜ ነው የሚወፍረው። ሠርግ ቤት ጥግ ይዞ ይቀመጥና ሙሽሮቹን እያየ "እነዚህም ያረጃሉ" ይላል። ሲዘንብ ጎርፉን፣ ሲያባራ ድርቁን ያስባል። ሴት ወልዳ ሊጠይቅ ይመጣና ሕፃኑን ገለጥ አድርጎ አይቶ በረዥሙ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ሰው በእናንተም ሰፈር እንዳለ አውቃለሁ። የእኛ ከተማ የመሐል ሜዳው ግን ከሁሉም ይለያል፤ የእኛው ጊታር አለው።

ክቡር የሐዘን ሚኒስትራችን ምንይሉ ይባላል። የሚኖረው እኔ ግቢ፣ ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። መልኩን ብታዩ ሐዘን በደጁ ያለፈ አይመስላችሁም፤ ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ጥርሱ ሳቂታ ነው፣ ከምግብ ጋር ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከአያቱ የወረሰውን ጥቁር በርኖስ ደርቦ ብቅ ይላል። በሶ በጥብጬ እሰጠዋለሁ። ጣሳውን ጭልጥ ያደርግና አፉን ጠርጎ፣ "ዓለም ጨለማ ናት፣ እማማ" ይላል።

"እውነትህን ነው። ልጨምርልህ?"

"ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

ብቻውን ቢሆን እዳው ገብስ ነበር። ግን ጓደኛ አለው። ትዕዛዙ ይባላል፤ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከበሮ መቺው እሱ ነው። ሁለቱ ሆነው ብላክ ሜታልና ዱም ሜታል የሚባል ሙዚቃ ይጫወታሉ። ጥቁሩ እንደ በረዶ ይወርዳል፤ ዱሙ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ያዘግማል። ምንይሉ ሲዘፍን ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም፤ ከሆዱ በታች አንድ ጉድጓድ አለ፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ራሱ ነው፤ እኔማ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ላሚቱን ገመድ አንቋት መስሎኝ ቢላ ይዤ ወጥቼ ነበር።

"እኛ አንደርግራውንድ ነን፣ እማማ" አለኝ አንድ ቀን በኩራት።

"ምን ማለት ነው?"

"ሰው የማያውቀን ማለት ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ስትጮኹ እኮ እስከ ገበያው ይሰማል!"

ትዕዛዙ ሳቀ። ትዕዛዙ ሁልጊዜ ይስቃል። ለሐዘን ሙዚቃ የማይሆን ፊት ነው ያለው። ምንይሉ በስልኩ የውጭ አገር ዘፋኞችን ፎቶ አሳይቶኛል፤ ፊታቸውን ሬሳ ለማስመሰል ነጭ ይቀባሉ። ትዕዛዙ ቀለም አያስፈልገውም። ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነው። እንዲያው ሬሳው ይስቃል፣ ያ ነው ነውሩ።

የባንዳቸው ስም "ጉም" ነው። ምንይሉ በከሰል በሩ ላይ ጽፎታል፤ ፊደሎቹን እሾህ እሾህ አስበቅሎባቸው ቀጋ ቁጥቋጦ መስለዋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ ማንበብ ሲያቅተኝ ጥፋቱን በራሴ ላይ አደርጋለሁ። በኋላ መሪጌታ አትናቴዎስ ለጥየቃ መጡ። በሩ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ፤ "ይህ የየትኛው አገር ጽሑፍ ነው?" ሲሉኝ ልቤ ረካ።

ሰፈርተኛው ሊረዳቸው ብዙ ሞክሯል። ጎረቤቴ ጌታነሽ ልክፍት ነው ብላ ጠበል ላከቻቸው። በዚያ ብርድ በደስታ ሄዱ፤ ምንይሉ ጉንፋን ይዞት ተመለሰና ድምፁ ይበልጥ ጎረነነ። ጌታነሽን ጉልበቷን ስሞ አመሰገናት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጓሳ ተራራ ወጥተው ጉም መሐል ዘፈን ቀዱ። ምንይሉ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሲያገሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው መለሱለት። ቅጂውን አሰምተውኛል። እውነት ለመናገር ጭላዳዎቹ ይሻላሉ።

ግን አንድ ችግር ነበረባቸው። የሰማቸው ሁሉ ይስቃል። የትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን ሲጫወቱ አስተማሪዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተጠቀለሉ። ጌታነሽ ደግሞ "እናንተን ስሰማ የጎኔ ውጋት ለቀቀኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ" አለቻቸው። ምንይሉ አገር ሊያስለቅስ ተነስቶ የውጋት መድኃኒት ሆነ።

"እማማ" አለኝ አንድ ጠዋት፣ "እስከ መስቀል ድረስ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ካላለቀሰልኝ ጊታሩን ትቼ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። አጎቴ ሱቅ ቁም ብሎኛል።"

"በሶ ልጨምርልህ?"

"በቃኝ።"

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ያዘነ መስሎ እንጂ አዝኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ምንይሉ አዲሱን ዘፈኑን ጀመረ። ረዥም ነው፤ ከመሬት ሥር ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ጌታነሽ ከመንገድ ሰማችው። ድንገት የግቢዬ በር ተበረገደ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

"ኧረ ማን ነው! ኧረ ማን ሄደብን!"

ጓሮ ስታየኝ ጭራሽ ባሰባት፤ ለካ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነበር። ለማስረዳት አፌን ብከፍት "ያዟት፣ ሐዘን አናግሯት ነው!" ብላ ተከትለዋት የገቡ ሁለት ሴቶች ጫነችብኝ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ይታየውም ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ጡሩምባውን ነፋው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ ደረሱ፤ የድንኳኑ ቋሚ በትከሻ መጣ።

በመጨረሻ አቶ ገሠሠ በበቅሏቸው መጡ። አቶ ገሠሠ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ቆፍጣና ሰው። ሚስታቸውን ሲቀብሩ እንኳ እንባቸውን ያየ የለም። በቅሏቸው ቡሊት ትባላለች፣ አመድማ ናት። ስንት ዘመን ለቅሶ ለቅሶ ስታደርሳቸው ስለኖረች ድንኳን ባየች ቁጥር ማንም ሳይዛት ራሷ ትቆማለች። ያን ቀንም እሳቸው ወደ ቤታቸው ሊያልፉ ነበር፤ ቡሊት ናት ቋሚውን አይታ ደጄ ላይ ቀጥ ያለችው። አቶ ገሠሠ ለለቅሶ የሚሆን ፊታቸውን አዘጋጅተው ወረዱ።

ያኔ የጓሮው በር ተከፈተና ትዕዛዙ ብቅ አለ፤ ፊቱ በዱቄት ነጭ። ጌታነሽ እንደ አዲስ ጮኸች። ምንይሉ ከኋላው መጣ።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"አንተ ንገረን እንጂ!" አለው ለቅሰኛው።

"ማንም አልሞተም። ልምምድ ላይ ነን።"

ከዚያ ሕዝቡ ሳቁን ለቀቀው። ቋሚ የተሸከሙት ሰዎች ቋሚውን ጥለው ሳቁ። አቶ ገሠሠ ግን አልሳቁም።

"የእድር ድንኳን ያለ ሬሳ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "በለቅሶ የሚቀልድ ሰው ከእኛ ጋር አይኖርም። እሑድ በስብሰባ ይወሰናል፤ እስከዚያ ድምፃችሁን እንዳልሰማ።"

ይህን ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ቡሊት ግን ንቅንቅ አልልም አለች። እሷ የምታውቀው ለቅሶ ተደርሶ፣ ተቀምጦ፣ እግዜር ያጽናችሁ ተብሎ ነው የሚኬደው። ዳኛው በቁጣ እንደተኮፈሱ፣ በቅሎዋ የለቅሶ ሰዓቷን እስክትጨርስ ድረስ ደጄ ላይ ቆዩ።

ሰው ሁሉ ሲበተን እትዬ አመተሥላሴ ቀሩ። የአገሩን ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤ አመተሥላሴ ያላለቀሱለት ሬሳ በቅጡ የተቀበረ አይመስለንም። ምንይሉን አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ድምፅህስ ደኅና ነው። ለማን ነው የምታለቅሰው?"

"ለዓለም፣ እትዬ። ለሰው ልጅ ሁሉ።"

"ኤድያ! ዓለምን ማን ያውቃታል? የት ሰፈር ነው ቤቷ? ልጄ፣ ሙሾ ስም ይፈልጋል። ስሙን ትጠራለህ። ከዚያ ምን ይወድ እንደነበር፣ የት ይቆም እንደነበር ትናገራለህ። ለሁሉም ካለቀስክ ማንም የእኔ ነው አይልህም።"

"እኔ የሞተብኝ ሰው የለም።"

"እሰይ! ታዲያ የሌላውን ሐዘን ጠይቅ። እኔስ ሁሉም የሞቱት የእኔ ይመስልሃል?"

ምንይሉ በርኖሱን ተከናንቦ ሲያስብ አመሸ። ያን ሳምንት "ዓለም ጨለማ ናት" ሲል አልሰማሁትም።

ሐሙስ ዕለት ቡሊት ከተኛችበት አልነሳ አለች። አርጅታ ነበር። ለበቅሎ ለቅሶ አይደረስም፣ እድርም አይወጣም። አቶ ገሠሠም ማንንም አላስቸገሩም፤ ራሳቸው ቀበሯት። እሑድ ጭቃውን በእግራቸው እየረገጡ ወደ ስብሰባው መጡ። የተሰበሰብነው እኔ ግቢ ነበር። ቁጭ ሲሉ አየሁ፤ እጃቸው ላይ ልጓሟ አለ። ከቤት ሲወጡ በልማድ አንስተውት መሆን አለበት። ሰው ሁሉ አየ።

"በሉ፣ ልጆቹ የሚሉት ካላቸው ይናገሩ" አሉ ዳኛው።

ምንይሉ ተነሳ። "ጋሼ ገሠሠ፣ የምንለው የለንም። ከመሄዳችን በፊት አንድ ለቅሶ ልንደርስ ነው። ይፍቀዱልን።"

"የማንን ለቅሶ?"

የጊታሩን ገመድ ሰካ። በዕድል መብራት አልጠፋም ነበር። ትዕዛዙ ከበሮውን አንዴ መታና ዝም አለ፤ ደግሞ መታ፤ ዝም አለ። የደከመች በቅሎ ዳገት ስትወጣ እንደምትራመደው ነው። ጊታሩ ከሥር ተነሳ። ከዚያ ያ ከጉድጓድ የሚወጣው ድምፅ "ቡሊት" አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም።

ቃሉ እንዳይጠፋን እትዬ አመተሥላሴ ከተቀመጡበት ሆነው እየተቀበሉ በጠራ ድምፅ ደገሙልን፦

ድንኳን ባየሽበት ሳትጠሪ የቆምሽ፣
ቡሊት ዛሬ ላንቺ ማን ድንኳን ጣለልሽ?

አቶ ገሠሠ ወደ መሬት አዩ። ምንይሉ ልጓሙን አየና እዚያው የመጣለትን ጨመረ፦

ጌታሽ በእግሩ መጣ ልጓምሽን ይዞ፣
ደጁ ሁሉ "የት ናት?" ይለዋል ተክዞ።

ሚስታቸውን ሲቀብሩ ያልታየው ያ እንባ መጣ። አንድ ጊዜ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሁለተኛውን ተዉት፣ ወረደ። እሳቸውን አይተን እኛም ቀጠልን። ጌታነሽ ደረቷን ደቃች፤ አሁን የሚደቃለት አገኘች። ከሁሉ የገረመኝ ትዕዛዙ ነው፤ ያ ሳቂታ ሬሳ ከበሮውን እየመታ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ እንባው ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ ጉንጩ ላይ ሊጥ ሆነ።

ምንይሉ ዓይኑን ሲከፍት ግቢው ሁሉ ያለቅሳል። ያን ሲያይ ለቅሶውን አቋረጠ፤ በርኖሱን ወርውሮ ዘለለ።

"አለቀሱ! እማማ፣ አለቀሱ እኮ! ትዕዛዙ፣ እያቸው!"

ዳኛው ከነእንባቸው አፈጠጡበት። ከዚያ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ሆኑ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ልጆቹ ከሰፈር አይወጡም። ነገር ግን ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት ይታየው ጡሩምባውን ይዞ መንደሩን ይዙር። ይኸው እስከ ዛሬ ይዞራል፦

"ስሙ! ስሙ! ዛሬ ማንም አልሞተም! ልጆቹ ናቸው!"

ድሮ ጡሩምባ ስንሰማ ልባችን ይርድ ነበር። አሁን ሥራችንን አቁመን እናዳምጣለን፤ ማንም አለመሞቱን የሚያውጅ ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ። ምንይሉ ደብረ ብርሃን መሄዱን ረሳው። ከሩቁ ቀየት ድረስ እየመጡ ሙሾ ያዝዙታል፤ ለሞተ አውራ በግ፣ መብረቅ ለጣለው ጽድ፣ ሞተሩ ለተቃጠለ አውቶቡስ። አጎንብሶ ይጠይቃል፦ ስሙ ማን ነበር? ምን ይወድ ነበር? አሁን ይበልጥ ወፍሯል። "ዓለም ጨለማ ናት" ሲል ፊቱ ያበራል።

ባለፈው ሰሞን በሶውን እየቀዳሁለት እኔም ጠየቅኩት።

"የእኔንስ መቼ ነው የምትሠራው?"

"የምንዎትን?"

"ሙሾዬን ነዋ። ሞቼ ምኑን እሰማዋለሁ? አሁን አሰማኝ።"

ትዕዛዙ ሳቀ። ምንይሉም ሳቀና ጊታሩን አነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ሙሉመቤት" ብሎ ስሜን ሊጠራ አፉን ከፈተ። የወጣው የድመት ግልገል ድምፅ ነው። ደግሞ ሞከረ፤ ያው። ለጭላዳ፣ ለበቅሎ፣ ለአውቶቡስ ያልጠፋው ድምፅ ጠፋ።

"ጉንፋን ነው?" አልኩት።

"አይደለም" አለ፣ ጊታሩን እያስቀመጠ። "በእርስዎ ስም እምቢ አለኝ፣ እማማ።" ጣሳውን ዘረጋልኝ፤ ዓይኑን ግን ወደ በሩ አዞረ። "በሶ ይጨምሩልኝ።"

ቅር ብሎኛል አልኩት። የበግ ሙሾ በተሠራበት አገር የእኔ መቅረቱ ደግ አይደለም አልኩት። እሺ፣ እለማመዳለሁ አለኝ። ይለማመድ። ድምፁ እስኪመጣለት ድረስ እኔም አልቸኩልም።