ጣቴን ያኖርሁበት ወረቀት

ነርሷ አውራ ጣቴን ያዝ አድርጋ ቀለሙ ላይ ጫነችው፤ ከዚያም ወረቀቱ ላይ። «በቃ አባቴ፣ ጨረሱ» ብላ መጥረጊያ ጥጥ ሰጠችኝ። እሷ ጨረሱ ትበለኝ እንጂ እኔ ገና መጀመሬ ነበር።

አያ ይግዛው ከጎኔ አግዳሚው ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ነው። አጥር ለአጥር ስንኖር አርባ ዓመት አልፎናል፤ ልጁ ውዴም የሟች ባለቤቴ የክርስትና ልጅ ናት። ሕመሙ ሲጠናበት ከወገራ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ፣ ወለቃን አሳልፌ፣ ጎንደር ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ያደረስሁት እኔ ነኝ። እሱም እንደኔ ፊደል አልቆጠረምና ነርሷ በሩን ዘግታ ወረቀቱን አነበበችልን። የታማሚ ጉዳይ ከራሱ ፈቃድ ውጭ ለማንም አይነገርም ይላል። ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው፤ በሚስጥር ቁጥር ይከፈታል፤ የከፈተው ሰው ስም እዚያው ይመዘገብበታል። ሥራው ያልሆነ ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ገልጦ ማየት አይችልም። አያ ይግዛው ጣቱን አኖረ። ቀጥሎ እኔ በምስክርነት ጣቴን አኖርሁ።

እንግዲህ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጣት ምን ማለት እንደሆነ የተማረ ሰው አያውቀውም። እናንተ በቀን አሥር ጊዜ ትፈርማላችሁ፤ ምን ላይ እንደፈረማችሁ ማታ ቢጠይቋችሁ አታስታውሱትም። እኔ በዕድሜዬ ጣቴን የሰጠሁት ሦስት ጊዜ ነው። አንዴ ለመሬቴ ደብተር፣ አንዴ ለተጣላ ሰው ዋስ ሆኜ፣ ሦስተኛው ይኸው። ጣቱን የሰጠ አንገቱን ሰጥቷል። ስለዚህ «ለማንም አይነገርም» የሚለውን ስሰማ እኔም አብሬ የማልሁ መሰለኝ። አይደለም ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁ። መጠየቅ ለኔ አይሆንልኝም። አባቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እህሌ ሲነቅዝ አይቻለሁ፣ ዝምታዬ ግን ይነቅዛል ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም።

ሐኪሙ መጣ። ከመመርመሩ በፊት፣ እኒህ ሰው ይውጡ ወይስ ይቀመጡ ብሎ አያ ይግዛውን ጠየቀው። ይቀመጥ፣ እሱ እንደሆነ ግድግዳ ነው አለው። ግድግዳው ተቀመጠ። በሽታውንም፣ መድኃኒቱንም፣ ይድናሉ ግን ሁለት ሳምንት ተኝተው ይታከማሉ ሲለውም ሰማሁ።

በሽታው ምን ነበር? ይኸው፣ እናንተም ጠየቃችሁ። እስቲ ልባችሁን መርምሩት፤ ገና ሳልመልስላችሁ አንድ ክፉ ስም መጥቶባችኋል። የኛም አገር ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ መጥታ ተተካችኝና ወደ አገሬ ተመለስሁ። በኛ ዘንድ የታመመውን ሰው በሽታህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ታማሚው ዘንድ ሄዶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ቁጭ ይባላል፤ ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናቡ ይወራል። በሽታውን የሚጠየቀው አስታማሚው ነው። «እንዴት ሆነ?» ለሚሉትም መልሱ አንድ ነው። ታማሚው ነፍሱ ጉሮሮው ላይ ብትሆን እንኳ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ይባላል። ጠያቂው ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ልቡ ግን ያርፋል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሸጋ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም አያዘውም፣ ወረቀትም አይፈልግም።

እኔ ምን አልሁ?

ከሚኒባሱ ስወርድ መጀመሪያ ያገኘችኝ እቴ ማንጠግቦሽ ናት፤ ከጎረቤት ሁሉ ወሬ ቀድሞ የሚደርሳት ሴት። ምነው አያ ፈንታ፣ ብቻህን መጣህ፣ አያ ይግዛው እንዴት ሆነ አለችኝ። እኔም ቀጥ ብዬ ቆምሁና ነርሷ እንዳነበበችው ሳልጨምር ሳልቀንስ አልኋት፤ «የታማሚ ጉዳይ ከራሱ ፈቃድ ውጭ ለማንም አይነገርም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቤቴ ደረሰ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ሰሞን ኮርቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ስል ሰው ነገር የማያውቅ አድርጎ ይቆጥረኝ ነበር፤ አሁን ዝምታዬ ሕግ ሆነች። የሆስፒታሉ ቅርንጫፍ እኔ ደጅ የተከፈተ መሰለኝ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሰው ከብቦ ሲጠይቀኝ፣ አይነገርም እያልሁ ጋቢዬን አጣፍቼ አልፍ ነበር። እኔ ባለፍሁ ቁጥር ደግሞ አያ ይግዛው ይብስበት ነበር። ሰኞ ሳንባው ነው ተባለ። ረቡዕ ደሙ ነው ተባለ። እሑድ ስሙ የማይጠራው ሆነ፤ በዘር ይወርዳል የሚባለው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም የአያ ይግዛው አያት እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው አያውቁም ነበር ብለው መሰከሩ። ወገራ ብርድ መሆኑ ጠፍቷቸው።

ይህን ሁሉ ስሰማ ታዲያ ምነው አልተናገርህም ትሉኝ ይሆናል። አዝኜ ነበር። ግን ሐሰት ነው ካልሁ፣ እውነቱ ምንድን ነው ይሉኛል። እውነቱ ደግሞ እኔ ዘንድ በቁልፍ ነው።

አያ አጣናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድ ልጁ ውዴን ሊያገባ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። በጠዋት መጥቶ ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። ግባ ብለው እዚሁ ይሻለኛል አለኝ። ስለ ከብቱ ጠየቀኝ፤ ስለ ገብሱ ጠየቀኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። እኔ ዝም የሚል ሰው አውቃለሁ፤ ይህ ግን ቸግሮት ነው ዝም ያለው።

«አያ ፈንታ» አለኝ በኋላ፣ «በሽታውን ንገረኝ አላልሁህም። አንተ ዋሽተህ አታውቅም። ደህና ነው በለኝና ልሂድ።»

አያችሁ? ሰውየው የመጣው ሠርጉን ሊያስቀር አይደለም። ለሚስቱ፣ ለዘመዱ፣ ለአገሩ ሰው ይዞት የሚሄደው አንድ ቃል ፈልጎ ነው። ቃሉም ሐሰት አይደለም፤ አያ ይግዛው እየዳነ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አሰብሁ። ደህና ነው ማለትም የታማሚው ጉዳይ ነው። ከፍቶ ያየ ሰው ስሙ ይመዘገብበታል። አውራ ጣቴን አየሁት፤ ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም።

«ጣቴን ሰጥቻለሁ» አልሁት።

ተነሣ፤ አቧራውን አራገፈ፤ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። የተነገረው ሰው እንደሚያመሰግን ነው ያመሰገነኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ካፍ ያልወጣውስ? እሱ አፋፉን ተሻግሮ ገደል እንደሚገባ የነገረኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመለሱና፣ ልጁ ገና ነው፣ ነገሩ ለጊዜው ይቆየን አሉ። ይቆየን ማለት በኛ አገር ቀርቷል ማለት ነው። ውዴ ልጁን ትወደው ነበር ወይ ብትሉኝ እኔ ምን አውቄ። እንዲህ ያለውን ለሽማግሌ የሚነግር የለም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አጥር ለአጥር ነንና፣ ጠዋት ጠዋት በረቱን ስትጠርግ ስታንጎራጉር እሰማት ነበር። አቆመች።

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግሥቱ ጎንደር ወርጄ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆምሁ። አንዲት ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ልጅ ከውስጥ ተቀምጣለች። የአያ ይግዛውን በሽታ በወረቀት ጻፊልኝ፣ ማኅተምም አድርጊበት፣ አገር ላይ አስነብበዋለሁ አልኋት። ምኑ ነዎት አለችኝ። ጎረቤቱ፣ የጽዋ ማኅበር ወንድሙ ነኝ፤ ብላቴና ሆነን አብረን ነው ያረስነው አልሁ። አዝናለሁ አባቴ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ መታከም አለመታከሙንም ልነግርዎት አልችልም አለችኝ። ያመጣሁት እኔ ነኝ እኮ፣ በዚችው በር አልኋት። እንግዲያማ ያውቁታል፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል አለች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። በሕይወቴ እንደኔ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ሲገጥም ደግሞ እንዴት ያደርቃል!

ወደ ጎን ወሰደችኝና ነገሩን ሁሉ ነገርኋት፤ ጣቴን፣ ማንጠግቦሽን፣ አያ አጣናውን። ስለ ጣቴ ስነግራት ፈገግ አለች፤ ስለ ሠርጉ ስነግራት ፈገግታዋ ጠፋ። ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። ያ ወረቀት የሚያስረው እነሱን ነው፤ ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ እሷን፣ ካርዱ በእጁ የሚያልፈውን ሁሉ። እኔ ጣቴን ያኖርሁት ወረቀቱ ሲነበብለት ሰምቻለሁ ለማለት ብቻ ነው። ማንም አላስማለኝም። ጎረቤት የጎረቤቱን ገመና ቢጠብቅ መልካም ነው፣ ግን ያ ሌላ ነው አለችኝ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«አባቴ፣ ደህና ነው ማለት እኮ ሚስጥር ማውጣት አይደለም።»

ይህን ለመስማት ከወገራ ጎንደር! እናቴ ብትኖር በነጻ ትነግረኝ ነበር። ወረቀቱን እሱ ራሱ ፈልጎ ከመጣ በእጁ እንሰጠዋለን ብላ ሸኘችኝ። ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል ሮጥሁ። አያ ይግዛው የለም፤ በዚያው ጠዋት ድኖ ወጥቷል። መንገድ ላይ ተላልፈናል።

ቤቱ ስደርስ እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር፤ ያዘኝ። ከጥንት እስከ መጨረሻው ነገርሁት። አልጮኸብኝም። ጫማውን አድርጎ በቀጥታ ወደ አያ አጣናው ሄደ፤ እኔም ከኋላው። በሽታውን፣ አጀማመሩን፣ ሰው መጀመሪያ የጋኔን ነው ያለውን፣ የሐኪሙን መርፌ፣ ቆሞ እያሳየ አወራው። የሚያፍርበት ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይነግረው ነበር። ዛሬም በጽዋው ላይ ያወራዋል፤ ከፈለጋችሁ እሱን ጠይቁት። እኔ ግን አልነግራችሁም። የሱን ነገር እሱ ያውራው። ከዚህ ሁሉ ውርደት ያተረፍኋት ትምህርት እሷ ብቻ ናት፤ አልጥላትም።

አያ አጣናው ሰምቶ ሲጨርስ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ አያ ይግዛውን ሳይሆን እኔን አየኝ። በነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ለልጁ ከዳባት ወገን ሌላ ታጭታለት፣ ቃል ተሰጥቶ፣ ጠላው ሳይቀር ተጠንስሷል። በኛ አገር የተሰጠ ቃል አይመለስም። ይህን እኔ ልከራከረው አልችልም፤ ቃል ጠባቂው እኔ ነኛ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ውዴ ጎንደር ቁስቋም ወዳለችው አክስቷ ልትሄድ መሆኑን ሰማሁ። እዚያ ሥራ እፈልጋለሁ አለች አሉ። ጋቢዬን ደርቤ መኪና መንገዱ ድረስ ወረድሁ። ቦርሳዋን አስቀምጣ ሚኒባስ ትጠብቃለች። የምላትን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ አድሬ ነበር፤ ይቅርታ የሚለውን፣ የክርስትና እናትሽ ብትኖር የሚለውን። አጠገቧ ስቆም ሁሉም ጠፋኝ። እንደ ልማዴ ዝም አልሁ። እሷም አብራኝ ዝም አለች፤ ሚኒባሱ ዳገቱን እስኪወጣ ሁለታችንም መንገዱን አየን።

ሲቆም ቦርሳዋን አነሣሁላት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችና፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«አያ ፈንታ» አለችኝ፣ «ሰው ከጠየቀዎት ደህና ናት ይበሉልኝ።»