መስኮት ዘጊዎቹ

ያቀፍኳት ሕፃን ልጄ ከንፈሯ ሲጠቁር ነው አደጋው የገባኝ። ወደ ቀራንዮ የሚወስደን አውቶቡስ ጭሱን በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይለቀዋል፤ ሰዉ ደግሞ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል። ለምን ይመስላችኋል? ንፋስ እንዳይመታው! በጭስ እየታፈነ ንፋስ የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቶቡስ ሙሉ አይቻለሁ።

መስኮቱን ከፈትኩት።

«ዝጊው እንጂ! በብርድ ልታስመቺን ነው?» አሉ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ እያሳሉ።

«አባባ፣ ልጄ ታፈነችብኝ እኮ!»

«ብርድ መቷት ነው። ሸፍኛት!»

አንድ ካድሬ ተነስቶ ዘጋው። «ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ ዝጊ ብሏል» አለኝ። ለካ አብዮቱም ንፋስ ይፈራል!

ኮልፌ ፌርማታ ላይ እየተጋፋሁ ወረድኩ። ልጄ አየሩን ሳብ አድርጋ አለቀሰች፤ ከንፈሯም ቀላ። ተርፈናል።