ቤተ መንግሥት ያከራየሁ ዕለት

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አበው። እኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። የራሴን ነገር በባርኔጣ ሸፍኜዋለሁ፤ የአፌን ነገር ግን፣ እናንተዬ፣ ምን ላልብሰው? ሰው ሥራ ሲቀይር ልብሱን ይቀይራል፣ መንገዱን ይቀይራል፣ ሰላም የሚላቸውን ሰዎች እንኳ ይቀይራል። ምላሱም እንደተቀየረ የሚያውቀው ግን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ሰው ፊት ነው።

እኔ አስጎብኚ ነበርኩ። ነበርኩ ማለት ያማል። መጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፤ እሱ ሄደልን ስንል ጦርነቱ ተተካ፤ ቱሪስቱም ሻንጣውን ሸክፎ እንደወጣ ቀረ። ባልደረቦቼ ተበተኑ። ሹፌራችን ዱባይ ገባ፣ ምግብ አብሳያችን አየር ጤና ጋራዦቹ መሃል ምሳ ቤት ከፈተ። እኔ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ቆሜ የቤት ደላላ ሆንኩ። ያው ማስጎብኘት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አያችሁ፣ ደላላ ቤት ብቻ አያሳይም፤ ጨለማውን ክፍል "ቀዝቃዛ" ይለዋል፣ ጠባቡን ደግሞ "ለጽዳት የሚመች"። ባለቤቴ ግን አልተጽናናችም፤ ለዘመድ ስታስተዋውቀኝ እስከ ዛሬ "አስጎብኚ ነው" ነው የምትለው። እኔም አንገቴን እደፋለሁ።

በቀደም የድሮ አሠሪዬ እትዬ በላይነሽ ደወሉ።

"ጌቱ፣ ቱሪስቱ ተመለሰ እኮ! ሰው ግን የለኝም፤ ሁሉም በየፊናው ሄዷል። አንድ ቀን ልይህና፣ እንደ ድሮህ ከሆንክ ሥራው ያንተ ነው።"

በደስታ እንቅልፍ አጣሁ ብል አላጋነንኩም። ባለቤቴ ባለ ብዙ ኪሱን ሰደርያዬን ከሣጥን አውጥታ ተኮሰችው። ኪሶቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ ቁልፉ ብቻ ከሆዴ ማዶ ካለው ቀዳዳ አልደርስ አለ። ፋሽን ይምሰላቸው ብዬ ክፍቱን ለብሼው ወጣሁ።

እንጦጦ ከድሮው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ በዕድሜ የገፉ ፈረንሳዮች፣ ባልና ሚስት፣ ተረከብኩ። እትዬ በላይነሽ ጥቁር መነፅራቸውን አድርገው ከኋላ ቆመዋል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስለ ዘመኑ፣ ስለ አሠራሩ፣ ስለ ጣሪያው ክዳን ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ "እንደምታዩት ግቢው ለብቻ ነው" የሚል ሆነ። በእንግሊዝኛ፣ ያውም አሳምሬ። "ፀሐይ እንደ ልብ ያገኛል። አከራይ አብሮ አይኖርም።" ልመለስ ብል ምላሴ ልጓሙን በጥሷል። ሴትዮዋ ንጉሡ ለምን ይህን ቤት ትተው ወደ ታች እንደወረዱ ጠየቁኝ። መልሱን በእንቅልፍ ልቤ አውቀዋለሁ፤ ብርዱ፣ የማገዶው እጥረት፣ የፍል ውሃው ነገር። እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የቀድሞው ተከራይ የለቀቁት ተጣልተው አይደለም፤ በሰላም ነው" አልኳቸው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ባልየው ግድግዳውን ዳበስ ሲያደርጉ ደግሞ ጭራሽ፣ "ቶሎ ወስኑ፤ ጠዋት ያዩት ሰዎች ሊይዙት ነው" ብዬ አረፍኩ።

ፈረንሳዮቹ ቀልድ መስሏቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም እትዬ በላይነሽን በጎን እያየሁ አብሬ ሳቅሁ።

እንግዶቹን ከሸኘን በኋላ እትዬ በላይነሽ መነፅራቸውን አወለቁ።

"ወደውሃል" አሉኝ። ልቤ ዘለለች። "ግን ጌቱ፣ ልጄ፣ አንተ እኮ ደላላ ሆነሃል። ያውም ጎበዝ ደላላ! እንግዲያው ሰው ፈልግልኝ። ሹፌር፣ ምግብ አብሳይ... ከሁሉ በፊት ግን ደህና አስጎብኚ። የምታውቀው የለም?"

"አንድ አውቅ ነበር" አልኳቸው።

"ታዲያ የት አለ?"

"እኔም እየፈለግሁት ነው፣ እትዬ።"