ድንቹን ገልብጠው

ሰጠኝ፦ ዓይኑን አውጣ ነው ያልኸኝ?

ያየህ፦ አዎ፣ ዓይን ዓይኑን።

ሰጠኝ፦ ምን በደለኝና?

ያየህ፦ የድንቹን ነው የምልህ። ይች ጎድጎድ ያለችዋ፣ ቡቃያ የምታወጣው። ዓይን ነው የምትባል።

ሰጠኝ፦ እንግዲያ ሲያየን ነው የከረመ።

[ወረታ ዳር፣ የያየህ ጓዳ። የቤቱ እመቤት ታይቱ አኩርፋ ሐሙሲት አባቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። ዛሬ አባቷ አቶ አያልነህ ነገሩን ሊሰሙ ይመጣሉ። ወጡን የጎረቤቱ የሰጠኝ ሚስት ሸጌ ሠርታ ልካለች፤ ያየህ ግን ማባያ የሌለው ገበታ ለአማት አይቀርብም ብሎ፣ ከፋርጣ ደጋ ከወረዱ ሻጮች ድንች ገዝቷል። ሰጠኝ ሞፈር ሊዋስ ብቅ ቢል ቢላዋ ተሰጥቶት ቀርቷል። ስለ ድንች የሚያውቀው ከመሬት መውጣቱን ብቻ ነው።]

ሰጠኝ፦ ለመሆኑ ታይቱ በምን ተጣላችህ?

ያየህ፦ በባዶ ሜዳ። ቢላዋ እንዲህ አይደለም የሚይዙት።

ሰጠኝ፦ ክፉ ተናግረሃት ይሆናል።

ያየህ፦ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። አውራ ጣትህን ሰብሰብ አርገው። ጓዳ ገብቸ እንዲህ አርጊ፣ እንዲያ አርጊ እያልሁ ሳግዛት ነው የኖርሁ። ከፎገራ ወንድ ሚስቱን እንዲህ የሚያግዝ ማን አለ?

ሰጠኝ፦ እኔስ ሸጌን አግዣት አላውቅም።

ያየህ፦ እኮ።

ሰጠኝ፦ እሷም ሄዳብኝ አታውቅም።

ያየህ፦ ያንተ ዕድል ነው። በል አሁን ለሁለት ክፈለው።

[ሰጠኝ ድንቹን አንድ በአንድ እያነሳ ግራና ቀኝ ይከምራል።]

ያየህ፦ ምንድን ነው ይኼ?

ሰጠኝ፦ ይኼ የአንተ፣ ያ የእኔ። ትልልቁን ለአንተ አድርጌልሃለሁ።

ያየህ፦ እያንዳንዱን በቢላዋ ለሁለት ቁረጠው ማለቴ ነው። አቶ አያልነህስ ምን ሊበሉ?

ሰጠኝ፦ እኔም እሱ ነበር የቸገረኝ።

[ድንቹ ተቆርጦ ከፈላ ውኃ ይገባል። ያየህ ከሰጠኝ ትከሻ በላይ ሆኖ ድስቱን ያያል።]

ያየህ፦ ጎንደር ከአንድ ጣሊያን ቤት ዘበኛ ሳለሁ፣ የቤቱን ወጥ ቤት በመስኮት አየው ነበር። መጀመሪያ እንዲህ ለብለብ ያደርጉትና ከፎርኖ ይከቱታል።

ሰጠኝ፦ ፎርኖ ምን ነው?

ያየህ፦ በር ያለው ምድጃ።

ሰጠኝ፦ በሩ ድንቹ እንዳይወጣ ነው?

ያየህ፦ ሙቀቱ እንዳይወጣ ነው። እኛ ብረት ምጣድ ላይ አድርገን በአክንባሎ እንከድነዋለን፤ ያው ነው።

ሰጠኝ፦ ለመሆኑ ቀምሰኸዋል?

ያየህ፦ ሽታውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በል፣ ለስለስ ብሏል፤ አውጣውና ውኃውን ድፋ፣ ጨው ጣል።

[ሰጠኝ ድስቱንና የጨዉን ዕቃ ይዞ ይወጣል፤ ትእዛዝ እንደ ፈጸመ ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል።]

ያየህ፦ ውኃው?

ሰጠኝ፦ ተደፋ።

ያየህ፦ ጨዉ?

ሰጠኝ፦ ተጣለ።

ያየህ፦ የት?

ሰጠኝ፦ ከውኃው ጋር ነው ያለ፤ ከአጥሩ ሥር።

[ያየህ ግንባሩን ይይዛል። ከመደብ ላይ የቀረ ጨው ፈላልጎ ራሱ ይነሰንሳል። ምጣዱ ይጣዳል፤ ቅቤው ይቀልጣል፤ ድንቹ ይገባና ይከደናል።]

ያየህ፦ ክፈተው።

ሰጠኝ፦ አሁን መክደኔ ነው እኮ።

ያየህ፦ ክፈትና ገልብጠው።

ሰጠኝ፦ ምጣዱን?

ያየህ፦ ድንቹን። እንዲያ። ክደን። ክፈት። ገልብጠው።

ሰጠኝ፦ ወዴት ልገልብጠው? ቅድም በዚህ ጎኑ ነበር።

ያየህ፦ በዚያኛው ጎኑ። ክደን። አሁን ክፈት።

[ሰጠኝ ላቡን ይጠርጋል። ድንቹ ጠርዝ ጠርዙ ከመፍረሱ በቀር ገና ነጭ ነው። ውጭ ውሻ ይጮኻል።]

ያየህ፦ መጡ። ክደነውና ጠብቀኝ፤ የቀረውን ስመለስ እነግርሃለሁ።

[ያየህ ጋቢውን አስተካክሎ ይወጣል። ሰጠኝ ከእሳቱ ዳር በርጩማ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ የውጭው ንግግር ይሰማዋል።]

ያየህ፦ ኧረ አባቴ፣ በቅሎዋን እንዲህ አይደለም የሚያስሯት።

አያልነህ፦ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው የማስራት።

ያየህ፦ ስሕተት ሲለመድ እንዲያ ነው። ገመዱን ያምጡልኝ።

[ሰጠኝ ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ። የሚያዘው ሰው ግን የለም፤ እጁን መለሰ። ቢላዋው ከተሰጠው ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላገኘም። ታይቱ ትዝ አለችው፤ በዚህችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስንት ዓመት ቻለችው ብሎ አዘነላት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ከደነ። በቅሎዋ ሦስተኛ ቦታ ስትታሰር እንቅልፍ ወስዶታል።]

[ገበታው ቀርቧል። አቶ አያልነህ ወጡን ቀመሱና ወደ ድንቹ ተሻገሩ። አንዱን ጎረሱ፤ ሌላም ደገሙ።]

አያልነህ፦ ይኼ ማለፊያ ነው። ላዩ ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ገንፎ። ማን ነው የጠበሰው?

ያየህ፦ እኔ ነኝ አባቴ። እጁ የሰጠኝ ነው፣ ዕውቀቱ የእኔ።

አያልነህ፦ እንዴት አድርገህ አቀላኸው?

ያየህ፦ ዋናው መገልበጥ ነው። እጅ ሳያርፍ መገልበጥ።

ሰጠኝ፦ እሱ እያለስ ነጭ ነበር። የቀላ ከወጣ ወዲህ ነው።

አያልነህ፦ ምን አደረግህበት?

ሰጠኝ፦ ምንም። ገልብጠው የሚለኝ ስላልነበረ ተኛሁ።

[ያየህ ድንቹን አየ፤ ሰጠኝን አየ። አቶ አያልነህ ጉርሻቸውን ቀስ ብለው ዋጡ።]

አያልነህ፦ ልጄን ተቆጥቻት ነበር። በዚህ ትዳር ይፈታል ወይ ብዬ። ያለችኝ አልገባኝም ነበርና።

ያየህ፦ ምን አለች?

አያልነህ፦ «ዘወር ቢልልኝ ይበስል ነበር» ነው ያለች።

[ያየህ አንገቱን ደፋ። ምን እንደሚል የሚያዘው ሰው የፈለገ ይመስል ወደ ሰጠኝ ተመለከተ፤ ሰጠኝ ድንች ይጎርሳል።]

ያየህ፦ ትመለስልኛለች አባቴ?

አያልነህ፦ ከጓዳዋ ካልገባህባት ትመለሳለች።

ያየህ፦ ማርያምን አልገባም።

አያልነህ፦ እሷ ስትሠራ አንተ የት ትሆናለህ?

ያየህ፦ ከበረት።

አያልነህ፦ ከበረት ምን ትሠራለህ?

ያየህ፦ ላሞቹን አያለሁ። ሲያመሰኩ ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ፤ አያውቁበትም።

ሰጠኝ፦ [ዱላውን አንስቶ እየተነሳ] እንግዲህ ላሞቹም ሲያኮርፉ የሚገቡበት ዘመድ ይፈለግላቸው።