ሻምፒዮኑ «ልጃችን»

ሰው ሲያሸንፍ ዘመዱ እንዴት እንደሚበዛ ታዝባችኋል? እኔ ቀጨኔ ላይ ታዝቤያለሁ። የጎረቤታችን የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ዘነቡ ልጅ ተሰድዶ በሄደበት አገር የቦክስ ሻምፒዮን ሆነና እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ድሮ «የቡዳ ልጅ ነው» ብለው ልጆቻቸው አብረውት እንዳይጫወቱ ይከለክሉ የነበሩት ጋሽ ታደሰ ድንኳን አስተከሉ። ማይክ ጨብጠው፣ «እኛ ያሳደግነው ልጃችን!» እያሉ አለቀሱ፤ እንባው እውነተኛ ነበር፣ ምን ይደረግ?

እትዬ ዘነቡ ግን ድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል። ወንበር የሰጣቸው የለም። ሻምፒዮኑ አያቸውና ተነስቶ ሄደ።

«ግቢ እንጂ እማዬ።»

«ተወኝ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «የጠሩት አንተን ነው።»

እጃቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው፤ አልተመለሰም። ጋሽ ታደሰ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው አሰሙ። ሰፈሩም አጨበጨበ።