የጠንቋይዋ አማት

በዚህ ዓለም ድግምት የማይበግራት ፍጡር አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የባል እናት ናት። ሙያዋ ጥንቆላ የሆነ ሴት እንኳ ከዚህ ዕጣ አታመልጥም። የእኛዋ ጠንቋይ ይህን ያወቀችው አማቷ "ለሦስት ቀን ብቻ ነው" ብለው አራት ሻንጣ ይዘው የገቡ ዕለት ነው። ሦስቱ ቀን አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል።

ክብርት አማት ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ መላ ነበረው። እሳቸው አሳቢ ናቸው። ምራታቸው ለትዳር የሚሆን መድኃኒት ጥዳ ዞር ስትል ድስቱን ይከፍቱና ቀመስ አድርገው፣ "ጨው አንሶታል ልጄ" ብለው ይጨምሩበታል። ያንን የጠጣ አንድ ነጋዴ ሚስቱን መውደዱ ቀርቶ ሦስት ጆግ ውሃ ጨልጦ ተኛ።

እንግዳ መቀበያው ደግሞ የባሰ ነው። ክብርት አማት የሹራብ ሥራቸውን ይዘው ተራ ከሚጠብቁት ደንበኞች መሃል ይቀመጣሉ።

"ባሌ ሳይደገምበት አልቀረም፤ አያናግረኝም" ትላለች አንዷ።

"ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?" ይላሉ ቀና እንኳ ሳይሉ።

"ሁለት ሰዓት።"

"አልተደገመበትም፤ ደክሞታል። አብልተሽ አስተኚው።"

ሴትዮዋ አመስግና ወደ ቤቷ። ጠንቋይዋ በሩን ከፍታ "ተረኛ!" ስትል ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው።

ለባሏ ብትነግረው "እማዬ እኮ ለጥሩ ብላ ነው" ይላታል። ይህን አነጋገር የሚያከሽፍ ድግምት እስካሁን አልተገኘም። በመጨረሻ ደከማት። ሌሊት ተኝታ እየደከማት፣ ጠዋት ተነስታ እየደከማት ከረመች። የደከመው ሰው ድግምት ደግሞ አይሠራም፤ ሻማው አልበራ፣ መስታወቱ አልናገር አላት።

ወሬው ጠንቋዮች ማኅበር ደረሰና አንዲት ተቆጣጣሪ ፋይል ታቅፋ መጣች። በእሷ ፊት አንድ ሙሉ ድግምት ካልታየ ወይም የተደገመበት ሰው ምሎ ካልመሰከረ ፈቃድ ይነጠቃል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተለፋበት ሙያም እዚያው ያበቃል።

ጠንቋይዋ ብርጭቆውን ወፍ ልታደርገው ሞከረች። ብርጭቆው ብርጭቆ ሆኖ ቀረ። ደግማ ሞከረች፤ ላብ አጠመቃት። ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አወጣች።

"ድሮም ችሎታው አልነበራትም ማለት ነው" አለች።

ክብርት አማት ሹራባቸውን አስቀመጡ። ጠንቋይዋ ዓይኗን ጨፈነች፤ በቁስሏ ላይ ደግሞ ምን ሊጨምሩባት ነው?

"ስሚ አንቺ!" አሉ ተቆጣጣሪዋን። "እሷን የምናገራት እኔ ነኝ፤ አንቺ ማነሽ? ችሎታ የላትም ነው ያልሽው? ባለፈው ወር እኔን ድመት አድርጋኛለች! ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት!"

ጠንቋይዋ ክው አለች። እርግጥ ነው፣ አድርጋለች። አንዲት ጸጥ ያለች ከሰዓት ብትናፍቃት፣ ሲነቁ ምንም አያስታውሱም ብላ ያደረገችው ነበር።

"ሰውን? ሙሉ በሙሉ?" አለች ተቆጣጣሪዋ። ከድግምት ሁሉ ከባዱ እሱ ነውና።

"ከነጺሜ ነዋ!"

"ይምላሉ?"

"ልጄን!"

ፈቃዱ ታደሰ።

ተቆጣጣሪዋ እንደወጣች ጠንቋይዋ "እማማ፣ ያውቁ ነበር?" አለች።

"ጭራ ያበቀለ ሰው ሳያውቅ ይቀራል?"

"ለልጅዎ ግን አልነገሩትም።"

"ምን ብዬ ነው የምነግረው? ደግሞ ጭራው አጥሮ ነበር።"

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። አምስት ወር ሙሉ በሄዱልኝ ስትል የኖረችው ሴት፣ አሁን ቢሄዱ ቤቱ እንደሚጨንቃት ታወቃት። ወዳቸዋለች፤ ምን ታድርግ!

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

ክብርት አማት ሹራባቸውን መልሰው አነሱ። አንድ መስመር ሠርተው ሲያበቁ፣ "እዚያ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይዋ ላይ ነበር የተኛሁት" አሉ ቀስ ብለው። "የልጄ አባት ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም።"

መርፌያቸውን ገታ አደረጉ።

"እሁድ ከሰዓት ሥራ አለሽ እንዴ?"